ጠላና መንገደኛ በውጫሌ

የውጫሌ ስም በታሪክ መጻሕፍት የታወቀው በአንድ ውል ምክንያት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ በይስማ ንጉሥ የተፈራረሙት ውል፥ 17ኛው አንቀጹ በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተለያየ ትርጉም ይዞ ስለ ተገኘ፥ ነገሩ እስከ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ። በአማርኛው ፈቃድ የነበረው ነገር በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ መጻፉን ዛሬ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በውጫሌ ከሚያልፈው ሰው አብዛኛው ታሪክ ለመመርመር የመጣ አይደለም፤ ከደሴ ወደ ወልድያ ወይም ከወልድያ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ነው። መኪናው ቆሞ ጎማ እስኪጠገን ወይም ተሳፋሪው ምሳ እስኪበላ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያገኛል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የአገሩን መልካም ጠላ ቀምሶ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ወዴት እንዲሄድ፥ ምን እንዲጠይቅና መልካሙን ከመጥፎው በምን እንዲለይ መግለጥ የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መንገደኛው ጠላ ፍለጋ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ሲል የሚገባው ወደ ንግድ አዳራሽ ሳይሆን ወደ ሰው ቤት ነው። እርሱ ቢሳሳት የሚያጣው ጥቂት ብርና የአንድ ሌሊት የሆድ ሰላም ነው። የቤቱ እመቤት ብትሳሳት ግን የምታጣው የ2 ሳምንት ድካሟን፥ የገዛችውን እህልና ከሁሉ በላይ ስሟን ነው። ስለዚህ መልካም ጠላን መለየት ማለት በአንድ በኩል የጠማቂዋን ዕውቀት መረዳት ማለት ነው።

አገሩና እህሉ

ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን መንገድ በመጀመሪያ ሐይቅን፥ ቀጥሎ ውጫሌን፥ ከዚያም ውርጌሳንና መርሳን እየነካ ያልፋል፤ ውጫሌም የመንገዱ እኩሌታ ገደማ ላይ ትገኛለች። በምዕራብ በኩል የአምባሰል ተራሮች ይቆማሉ፤ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረው አምባ ግሸንም ከእነዚሁ ተራሮች አንዱ ነው። ከአራቱ የአማርኛ ዘፈን ቅኝቶች አንዱ በዚሁ አገር ስም ይጠራል። ወደ መርሳና ወደ ግራና በኩል ሲወርዱ ደግሞ አገሩ ቆላ እየሆነ ይሄዳል፤ በዚያ ዋናው አዝመራ ማሽላ ነው። በደጋው ገብስና ስንዴ ይዘራሉ። ስለዚህ የውጫሌ ጠማቂ የደጋውን ገብስ ከቆላው ማሽላ ጋር አቀላቅላ የመጥመቅ ዕድል አላት። ገብስ በበዛበት ዓመት ጠላው ቀላል፥ ማሽላ በበዛበት ዓመት ደግሞ ወፈር ያለ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም፤ የጠላ ጠባይ የሚወሰነው በአገሩ አዝመራ ነውና።

በዚህ አገር የእህል መጠጥ አዲስ ነገር አይደለም። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1520 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ 6 ዓመት ያህል የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በጉዞው ስለ አምባ ግሸንና ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጽፏል። ይኸው ሰው ኢትዮጵያውያን ከማርና ከገብስ የሚሠሩትን መጠጥም ሳይጠቅስ አላለፈም። እንግዲህ መንገደኛ በዚህ አገር ሲያልፍ የገብስ መጠጥ ቀምሶ ስለ እርሱ መናገሩ ቢያንስ የ500 ዓመት ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

ጠላን ቢራ ብሎ ስለ መተርጐም

የውጭ አገር ሰዎች ስለ ጠላ ሲጽፉ "የኢትዮጵያ ቢራ" ይሉታል። ትርጉሙ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ሁለቱም ከበቀለ እህል ይሠራሉ፤ ሁለቱም መራራ ተክል ይገባባቸዋል። ነገር ግን በውጫሌ ስለ ትርጉም ሲነገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቢራ ለመቅመስ ብሎ ወደ ጠላ ቤት የገባ እንግዳ ቀዝቃዛ፥ የጠራና የሚፈላ ነገር ይጠብቃል፤ የሚቀርብለት ግን ለብ ያለ፥ የደፈረሰና ጢስ ጢስ የሚል መጠጥ ነው። ስለዚህ መልካሙን ጠላ መጥፎ ቢራ ነው ብሎ ይፈርድበታል።

ልዩነቱን ባጭሩ መግለጥ ይቻላል። በኤውሮጳ ቢራ ጠማቂው የብቅሉን ጭማቂ ከሆፕ አበባ ጋር ያፈላዋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾ ይጨምርበታል። ሆፕ ለቢራ እንደሚያገለግል በኤውሮጳ የሚገልጹ ጽሑፎች ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይገኛሉ፤ በእንግሊዝ አገር ግን ሆፕ ያለበት ቢራ የተለመደው በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። በጠላ ላይ የሆፕን ቦታ የያዘው ጌሾ ነው። ጌሾ መራራነት ይሰጣል፤ መጠጡን ቶሎ ከመበላሸት ይጠብቃል፤ በቅጠሉና በእንጨቱ ላይ ያሉት ረቂቃን ነፍሳትም መፍላቱን ያስጀምራሉ። ከጌሾ ውስጥ ጌሾይዲን የተባለ መራራ ንጥረ ነገር ተለይቶ ታውቋል። ጠላ ድፍድፉ በእሳት አይፈላም፤ ከውጭ የሚገዛ እርሾም አይጨመርበትም። ስለዚህ ከአልኮሉ ጋር አብሮ ጥቂት ኮምጣጣነት ይፈጠራል፤ ይኸውም የጠላ ጠባይ እንጂ ጉድለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1516 በባቫርያ የወጣው የታወቀው የቢራ ሕግ፥ ቢራ ከገብስ፥ ከሆፕና ከውሃ ብቻ እንዲሠራ ሲያዝ እርሾን አልጠቀሰም፤ የእርሾ ምንነት በዚያን ጊዜ አይታወቅም ነበርና። ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ያጠናውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1876 ነው። የአምባሰል ጠማቂም ስለ እርሾ የጻፈችው የለም፤ ነገር ግን ጋኗን እንዴት አጥባና አጥና ለእርሾው መልካም ቤት እንደምታደርገው ከእናቷ ተምራለች።

አጠማመቁ

በአማርኛ ጠጅ ይጣላል፥ ጠላ ግን ይጠመቃል። ቃሉ ካህኑ ሕፃኑን አጠመቀ ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ በውሃ ውስጥ መንከርን ያመለክታል። ሥራውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እህልን በውሃ ውስጥ ማሳደር ነው።

በመጀመሪያ ብቅል ይዘጋጃል። ገብሱ ወይም ስንዴው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያህል በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ተጠንፍፎ በሰፋፊ ቅጠል ይሸፈናል። ከ2 እስከ 3 ቀን ሲቆይ ጕንቍል ያወጣል፤ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። እህሉ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠረው ኀይል ስታርቹን ወደ ስኳርነት የሚለውጥ ስለ ሆነ፥ ያለ ብቅል ጠላ ጠላ አይሆንም። ብቅሉ በቅጠሉ ውስጥ ብዙ ከቆየ ይሻግታል፤ ቶሎ ከወጣ ደግሞ ኀይል አይኖረውም። የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጸመው ብዙ ጊዜ በዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጋኑን ማሰናዳት ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ እንጨት ይታጠናል። ጢሱ በሸክላው ውስጥ ገብቶ የማይፈለጉትን ረቂቃን ነፍሳት ያዳክማል፤ መልካም መዓዛም ይሰጣል። ሰው የጠላውን ጢስ ጢስ ማለት የሚወደው ለሽታው ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያ ሽታ የንጽሕና ምስክርም ነው። ጋኑን ሳታጥን የጠመቀች ሴት ይህን ከደንበኛዋ አፍንጫ ልትሰውር አትችልም።

ከዚህ በኋላ ጥንስሱ ይጠነሰሳል። የተወቀጠ ጌሾና ጥቂት ብቅል በውሃ ተበጥብጦ ከ2 እስከ 3 ቀን ያድራል። ጥንስሱ መፍላት ሲጀምር ከማሽላ ወይም ከገብስ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ተቈርሶ ከቀረው ብቅል ጋር ይጨመርበታል። ቀጥሎም በምጣድ ላይ የታመሰው እንኩሮ ወይም ተቈልቶ የተፈጨው አሻሮ ይገባል፤ ይህ ወፍራም ቅልቅል ድፍድፍ ይባላል። የጠላው መልክ የሚወሰነው በዚህ ጊዜ ነው። ቂጣውና እንኩሮው ጠቆር እስኪል ከበሰለ ጠላው ይጠቁራል፤ ለስለስ ብሎ ከወጣ ደግሞ ወደ ብጫነት ያደላል። ድፍድፉ ከ4 ቀን እስከ ሳምንት ድረስ ከቆየ በኋላ ውሃ ይጨመርበትና ይበጠበጣል፤ የጋኑ አፍ ይመረጋል፤ ጥቂት ቀን ሲያድርም ጠላው ደረሰ ይባላል። በቆላ ሙቀቱ ሥራውን ያፋጥነዋል፤ በደጋ ይዘገያል። በጠቅላላው ከብቅሉ ጀምሮ እስከ መጠጫው 2 ሳምንት ያህል ይፈጃል።

ከአንድ ጋን የሚወጡ መጠጦች

መንገደኛው "ጠላ ስጡኝ" ሲል የሚቀዳለት ነገር አንድ ዓይነት ብቻ እንዳይመስለው ያስፈልጋል። ደርሶ ገና ያልጠራው፥ አተላው ያልተለየው ጠላ ጉሽ ይባላል። ጉሽ የሚወዱት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ምግብነት ስላለው ገበሬ ከእርሻ ሲመለስ ርኅራኄ የሚያገኘው በእርሱ ነው ይላሉ። ላልለመደው ሆድ ግን ይከብዳል። ቆይቶ ሲረጋና በማጥለያ ጨርቅ ሲያልፍ የጠራው ጠላ ይገኛል። ውሃው አንሶ፥ እህሉ በዝቶ፥ ተጠልሎ የሚወጣው ብርቱ ጠላ በከተማ ቋንቋ ፊልተር ይባላል። በድፍድፉ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ውሃ ተጨምሮበት የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ቅራሪ ነው፤ ይህ ለጥም እንጂ ለጨዋታ አይሆንም። የቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል።

በኀይል በኩል ተራው ጠላ ብዙ ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 4 ያህል አልኮል ሲኖረው፥ ፊልተሩ ከመቶ 5 እስከ 6 ይደርሳል። ስለዚህ ፊልተር ከጠርሙስ ቢራ አያንስም፤ እንዲያውም ሊበልጥ ይችላል። መኪና የሚነዳ ሰው ጠላን እንደ ውሃ ቈጥሮ እንዳይሳሳት ይህን ማወቅ ይገባዋል፤ ለእርሱ የሚሻለው ሳይጠጣ ማለፍ ነው።

ቤቱን ስለ ማግኘት

ጠላ ቤት ብዙውን ጊዜ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም። በደጋው አገር ሁሉ የታወቀው ምልክት በደጅ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ነው። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፤ ጠላው ሲያልቅ ይወርዳል። ስለዚህ ምልክቱ የቤቱ ስም ሳይሆን የዕለቱ ዜና ነው፤ ትናንት ጣሳ የነበረበት ቤት ዛሬ ባይኖረው ጠማቂዋ ሥራዋን ተወች ማለት አይደለም፤ ጋኗ ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ነገር ግን ጣሳው መኖሩን እንጂ ጥሩነቱን አይናገርም። ለዚህ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚጠየቀው ሰው ምርጫም ከጥያቄው ያላነሰ ይጠቅማል። የሆቴል አስተናጋጅ ወደሚያውቀው ሰው ቤት ይመራል፤ ሥራ ፈቶ ከመንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰውም እንዲጋበዝ ተስፋ አድርጎ ይመራል። ከሁሉ የሚሻለው በሥራ ላይ ያለውን ሰው፥ አናጢውን፥ ግንበኛውን ወይም ጭነት የሚያራግፈውን ሠራተኛ መጠየቅ ነው። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ በላባቸው የሚያገኙትን ገንዘብ ስለሚከፍሉ መጥፎ ጠላን አይታገሡም። ጥያቄውም "ጠላ ቤት የት ነው?" ሳይሆን "ዛሬ የማን ጠላ ደርሷል?" መሆን አለበት። መልሱ ከሁለት ሰው አንድ ሆኖ ከተገኘ ፍለጋው አልቋል።

ወደ ቤቱ ሲደርሱ በዝምታ መግባት ነውር ነው። እንግዳው ከደጅ ሆኖ "ቤቶች!" ይላል፤ ከውስጥ "ቤት ለእንግዳ፤ ግቡ" የሚል ድምፅ ይመልስለታል። ከተቀመጠ በኋላ ንግግሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤

"እንደምን ዋሉ፥ እትዬ? ጠላው ደርሷል?"

"ደርሷል፥ የኔ ጌታ። ጉሹ ነው የተጠለለው የሚሻልዎ?"

"የተጠለለው ይሁንልኝ። ጋኑ መቼ ተከፈተ?"

"ትናንት ማታ ነው የተከፈተ፤ ቀምሰው ይዩት።"

"ጋኑ መቼ ተከፈተ?" የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። አፉ ከተከፈተ ጀምሮ ነፋስ ስለሚያገኘው ጠላው ቀን በቀን እየኮመጠጠ ይሄዳል። በተከፈተ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን የተጠጣ ጠላ መልካም ጠባዩን ሁሉ እንደ ያዘ ነው። ሐቀኛ ጠማቂ ጥያቄውን አትጠላውም፤ እንዲያውም የሚጠጣውን የሚያውቅ ሰው መጣልኝ ብላ ትደሰትበታለች።

እመቤቲቱ ወይም ቀጂዋ ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ይህ ልማድ ሁለት ነገር ይናገራል፤ መጠጡ ክፉ ነገር እንደሌለበትና ጣዕሙም እንዳልተለወጠ ነው። በማያውቁት አገር ለሚጠጣ መንገደኛ ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም። ይህ ልማድ በቀረበት ቤት መንገደኛው ቆም ብሎ ቢያስብ አይነቀፍም።

መልካሙን ስለ መለየት

መልካም ጠላ አስቀድሞ በአፍንጫ ይታወቃል፤ የወይራው ጢስ፥ ከዚያም የተቈላ እህል መዓዛ ይሸታል። የኮምጣጤ ሽታ ከቀደመ ጊዜው አልፏል። በአፍ ሲገባ በመጀመሪያ የጌሾው ምሬት፥ ቀጥሎ ለስላሳ ኮምጣጣነት፥ በመጨረሻም የእህሉ ጣዕም ተራ በተራ ይመጣሉ። ጣፋጭ ከሆነ አንድም ገና አልደረሰም፥ አንድም ስኳር ገብቶበታል። ያልደረሰ ጠላ በሆድ ውስጥ መፍላቱን ስለሚቀጥል ሆድ ይነፋል። ምሬቱ ብቻ በርትቶ እህሉ የማይሰማ ከሆነ ጌሾ የእህልን ጉድለት እንዲሸፍን ተደርጓል ማለት ነው። ጣዕሙ ሁሉ ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ቅራሪው በጠላ ስም ተቀድቷል።

ዕቃውም አንድ ነገር ይናገራል። ቅሉም፥ ዋንጫውም፥ ጣሳውም ለጠላ ይሆናሉ፤ ዋናው መታጠባቸው ነው። ጠላው የቆየበት ዕቃ ግን ልዩነት ያመጣል። ሸክላ ጋን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ጥቂት ነፋስና ላብ ስለሚያሳልፍ መጠጡን ያቀዘቅዘዋል፤ ጢስም ይቀበላል። የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ቀላልና የማይሰበሩ ቢሆኑም እንደ ሸክላ አይታጠኑም፤ ቀድሞ የነበረባቸውን ነገር ሽታም በቀላሉ አይለቁም። ከጀሪካን የተቀዳ ጠላ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ጋን ያለበት ቤት ይመረጣል።

የማይጠጣው ባልንጀራ

የአምባሰል ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ጠላ ደግሞ በሃይማኖቱ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ውጫሌ ስለ ጠላ ሲጻፍ የማይጠጣውን ሕዝብ መተው ግማሹን ነገር መተው ይሆናል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጋብቻና በዝምድና የተሳሰሩ ስለ ሆኑ፥ በአንድ ሠርግ ወይም በአንድ ሐዘን ላይ ሁለቱም ይገኛሉ። ጠላ የጠመቀው ክርስቲያን ለሙስሊሙ ዘመዱ ቃሪቦ ወይም ከማር የተበጠበጠ ብርዝ ያሰናዳል፤ ለእርሱ የሚሆነውንም ሥጋ ሙስሊሙ ራሱ እንዲያርድ ያደርጋል። ቃሪቦ ከተቈላ ገብስ የሚዘጋጅ፥ ጌሾ የማይገባበት፥ ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይታያል። በዚህ አገር የግብዣ መልካምነት የሚለካው የሚጠጣው ሰው በመርካቱ ብቻ ሳይሆን የማይጠጣው ሰው ባለማፈሩም ነው። ሙስሊም ባልንጀራ ያለው መንገደኛ ወደ ጠላ ቤት ብቻውን ቢገባ፥ ቢቻል ደግሞ አስቀድሞ ከባልንጀራው ጋር ቡና ጠጥቶ ቢለያይ፥ የአገሩን ጨዋነት ጠበቀ ይባላል።

የጠማቂዋ ኑሮ

ጠላ መጥመቅ የሴት ሥራ ነው። ለበዓል፥ ለሠርግና ለማኅበር በየቤቱ ይጠመቃል፤ ለሽያጭ የሚጠምቁት ግን ብዙውን ጊዜ ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ፥ መሬት የሌላቸው ሴቶች ናቸው። ብዙ ልጆች ደብተር የተገዛላቸው በጠላ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ "ጠላ ሻጭ" የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ድረስ በንቀት ይነገራል፤ ጋኑን የሚሠሩት ሸክላ ሠሪዎችም በብዙ አገር በቡዳነት እየተጠረጠሩ ሲገለሉ ኖረዋል። ሰው በእጃቸው ሥራ እየረካ እጃቸውን መናቁ በልማዳችን ውስጥ ካሉት ነቀፌታዎች አንዱ ነው።

የሥራው ሒሳብም ጠባብ ነው። ጠማቂዋ እህሉን፥ ጌሾውንና ማገዶውን በቅድሚያ ትገዛለች፤ ገንዘቧን የምታገኘው ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። የእህል ዋጋ በመካከሉ ቢወጣ የጣሳውን ዋጋ ወዲያው መጨመር አትችልም፤ ደንበኞቿ የቀን ሠራተኞች ናቸውና። ያላት ምርጫ ሁለት ነው፤ ትርፏን መቀነስ ወይም ውሃውን መጨመር። ውሃ የጨመረችው ለጥቂት ቀን ታተርፋለች፥ ከዚያ በኋላ ግን ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ትርፏን የቀነሰችው ስሟን ትጠብቃለች። መንገደኛው "መልካም ጠላ" ብሎ የሚጠጣው እንግዲህ አንዲት ሴት በችግር ጊዜ ውሃ ላለመጨመር የወሰነችውን ውሳኔ ነው።

ከዚህም በላይ የለመደ ጋን በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ በውጫሌና በአካባቢዋ ሲካሄድ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። በሽሽት ጊዜ ልጅ ይታዘላል፥ ገንዘብ በመቀነት ይታሰራል፤ ጋን ግን አይሸከሙትም። ተመልሶ ኑሮን እንደገና መጀመር ለጠማቂ ማለት ጋን ገዝቶ እንደገና ማሟሸት ማለት ነው።

ጠርሙስና ጋን

የፋብሪካ ቢራ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1922 ነው። ለውጫሌ ቅርብ የሆነው የኮምቦልቻው ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1998 ነው፤ ከውጫሌ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ መንገደኛው ያለ ምንም ጥያቄ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ያገኛል። ጠርሙሱ በደሴም፥ በወልድያም፥ በአዲስ አበባም አንድ ዓይነት ነው፤ ጥቅሙም ጉድለቱም ይኸው ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውን ማስታወስ እዚህ ይጠቅማል። በአሜሪካ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ትንንሾቹን እየዋጡ ሄደው በ1970ዎቹ መጨረሻ በአገሩ ሁሉ የቀሩት የቢራ ጠማቂ ኩባንያዎች ከ100 ያነሱ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የቀድሞው አጠማመቅ እንዳይጠፋ የሚከራከር የጠጪዎች ማኅበር በ1971 ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በትንሽ ቤት በእጅ የሚጠመቅ፥ በየቦታው ጣዕሙ የሚለያይ ቢራ በብዙ አገር እንደገና ተወዷል፤ ሰዎችም እርሱን ለመቅመስ ከከተማ ከተማ ይጓዛሉ። እነርሱ ካጡት በኋላ ብዙ ገንዘብ አውጥተው የመለሱት ነገር በአምባሰል ገና አልጠፋም፤ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ያመለክተዋል።

ነገር ግን አለመጥፋቱ ለዘለዓለም ማረጋገጫ አይሆንም። የጠላ አጠማመቅ ከአገር አገር፥ እንዲያውም ከቤት ቤት ይለያያል፤ የጌሾው መጠን፥ የቂጣው አጋገር፥ የሚቀላቀለው እህል ሁሉ በእናትና በልጅ መካከል በቃል ብቻ የሚተላለፍ ነው። ልጂቱ በእናቷ የጠላ ገንዘብ ተምራ ወደ ከተማ ስትሄድ፥ የእናቷ ዕውቀት ከእናቷ ጋር ይቀራል። ልጂቱን መንቀፍ አይገባም፤ እናቲቱም የደከመችው ለዚሁ ነበር። የሚገባው በየወረዳው ያሉት ጠማቂዎች በሕይወት ሳሉ የየራሳቸው አሠራር በመጠንና በቀን ቍጥር ተለይቶ እንዲጻፍ ነው። የአምባሰሉ ከጎንደሩ፥ የጎንደሩ ከሸዋው በምን እንደሚለይ በጽሑፍ ከተገኘ የሚመጣው ትውልድ ቢፈልገው ያገኘዋል።

መንገደኛው ግን ይህን ሁሉ እስኪያስብ መኪናው አይጠብቀውም። ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሣ ጠማቂዋ በጣሳው ላይ ጥቂት ትጨምርለታለች። ይህ ጭማሪ በገበያ ቋንቋ ምርቃት ይባላል፤ ሽማግሌ ለሚሄድ ሰው የሚሰጠው ቡራኬም ስሙ ያው ነው። እንግዳው ቆሞ ይጠጣዋል፤ "እግዜር ይስጥልኝ፥ እትዬ" ብሎ ጣሳውን ይመልሳል፤ እርሷም "በሰላም ይግቡ" ትለዋለች።